ምዕራፍ 6፦ ከመስኮቱ ሥር ያለው መሰላል

የእሳት ማምለጫ መሰላሉን የገዛሁት ሁለተኛው ልጃችን በተወለደ ሰሞን ነው። እንደመጣ በካርቶኑ ጋራዥ ውስጥ፣ ከበረዶ አካፋው ጀርባ አኖርኩት፤ ሦስት ዓመትም እዚያው ቆየ። አንድ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ስወርድ ግን አንድ ሐሳብ መሐል ደረጃ ላይ አቆመኝ። በልጆቼ አልጋና በመሰላሉ መካከል ምን አለ? ኮሪደሩ አለ፣ ይህ የእንጨት ደረጃ አለ፣ ሳሎኑ አለ፣ ወጥ ቤቱ አለ፣ ከዚያ የጋራዡ በር። እሳት ቢነሣ የሚነሣው ከእነዚሁ ከአንዱ ነው፤ ጭሱ ወደ ላይ የሚወጣውም በዚሁ ደረጃ ነው። መሰላሉ ጋ ለመድረስ እሳቱን ማለፍ አለብኝ። እሳቱን ማለፍ ከቻልኩ ደግሞ መሰላል ምን ያደርግልኛል?

ካርቶኑን ያን ማታ ወደ ላይ አወጣሁት። በማግሥቱ ቅዳሜ ልንሞክረው ስንነሣ ያጋጠመንን ከመናገሬ በፊት ግን፣ ይህ ዕቃ ለማንና ለምን እንደሚያስፈልግ ልበል።

አንድ ደረጃ ብቻ ያለው ቤት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ የሚኖረው ታውንሀውስ ውስጥ ነው። ቤቱ ጠበብ ብሎ ወደ ላይ የተሠራ ነው፤ ከታች ጋራዥ ወይም ቤዝመንት፣ መሐል ላይ ወጥ ቤትና ሳሎን፣ ከላይ መኝታ ክፍሎቹ። ግራና ቀኙ የጎረቤት ግድግዳ ስለሆነ መስኮት ያለው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው ደረጃም አንድ ነው። የምናበስለው ታች፣ የምንተኛው ላይ፤ ጭስ ደግሞ መንገዱ ወደ ላይ ነው።

ጊዜውም ከአባቶቻችን ዘመን የተለየ ሆኗል። ዩኤል የሚባለው የአሜሪካ የደኅንነት ፍተሻ ድርጅት ሁለት ሳሎኖች ሠርቶ አቃጥሎ ነበር። አንደኛው በጥንቱ ዓይነት ዕቃ፣ በጥጥና በእንጨት የተሞላ ነው፤ ሌላው ዛሬ በምንገዛው ሶፋ፣ ምንጣፍና መጋረጃ። የጥንቱ ሳሎን ሙሉ በሙሉ በነበልባል እስኪዋጥ 29 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሲፈጅ፣ የዛሬው የፈጀው 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሶፋውን የሚሞላው ስፖንጅና ሰው ሠራሹ ጨርቅ ነው። ከነዳጅ የተሠራ ነገር እንደ ነዳጅ ይነድዳል፤ ጭሱም ጥቁርና መርዘኛ ነው። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ከእንቅልፍ መንቃት አለ፣ «ምንድን ነው?» ማለት አለ፣ ልጆቹን መፈለግ አለ።

ስለዚህ መሰላል ሁለተኛ ነው። አንደኛው ባለፈው ምዕራፍ ያየነው የጭስ ደወል ነው፤ ደወሉ ያልቀሰቀሰውን ሰው መሰላል አያወርደውም። በለንደን የግሬንፌል ሕንፃ እሳት እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተነሣው በአንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከፍሪጅ ነው። ሰውየውን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የጭስ ደወሉ ነበር። አብረውት የሚኖሩትን ቀሰቀሰ፣ እሳት አደጋ ጠራ፣ ጎረቤት አንኳኳ፣ ወጣ። እሳቱን በ24 ፎቁ ሕንፃ ላይ አዛምቶ 72 ሰው የጨረሰው የውጭ ሽፋኑ ነው፤ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪም ሰውየው ምንም ጥፋት እንደሌለበት በይፋ ተናግሯል። ስሙ ያለ ጥፋቱ ብዙ ተነሥቶ ነበርና ይህ ንጽሕናው በአማርኛም ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ይመስለኛል።

ያ ሕንፃ ግን መሰላል የሚረዳው ዓይነት ቤት አይደለም። ለቤት የሚሸጠው የሰንሰለት መሰላል ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው እስከ አሜሪካኖቹ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ የምትኖሩ አንባቢዎቼ መሰላል ፍለጋ ገንዘባችሁን አታውጡ። እናንተን የሚያድናችሁ በር ነው። በኒው ዮርክ ብሮንክስ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በአንድ 19 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተነሣ እሳት 17 ሰው ገድሏል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። እሳቱ ከተነሣበት አፓርታማ ብዙም አልራቀም። በራሱ መዘጋት የነበረበት በር ክፍት ስለቀረ ጭሱ ደረጃውን ሞልቶ ሕንፃውን ወጣ፤ ሰዎቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። ፎቅ ላይ ያላችሁ የአፓርታማችሁ በርና የደረጃው በር ለቀቅ ስታደርጉት ራሱ መዘጋቱን ዛሬ ሞክሩት፤ ካልተዘጋ አከራዩን በጽሑፍ ጠይቁ።

የቱ መሰላል?

የእሳት ማምለጫ መሰላል ሲታጠፍ ከትንሽ ሻንጣ አይበልጥም። ከላይ የመስኮቱን ደፍ አቅፈው የሚይዙ ሁለት ሰፋፊ የብረት ክንዶች አሉት፤ ከእነሱ ሥር በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ናይለን የተያያዙ የብረት መርገጫዎች ይንጠለጠላሉ። ለሁለተኛ ፎቅ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከ13 እስከ 15 ጫማ ነው፤ አራት ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ለሦስተኛ ፎቅ ያለው 25 ጫማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛ አንደኛ ፎቅ የምንለውን አሜሪካኖቹ ሁለተኛ ይሉታል፤ ምድር ቤቱን አንድ ብለው ነው የሚጀምሩት። ጋራዡ ከሥር ያለ ታውንሀውስ ውስጥ መኝታ ክፍሉ በእኛ አቆጣጠር ሁለተኛ፣ በእነሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ለሁለተኛ ፎቅ» የሚለውን አንብቦ የ13 ጫማውን የገዛ ሰው መሰላሉን ቢዘረጋ የመጨረሻው መርገጫ አየር ላይ ይቀርበታል። ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤትም ከፊት ሦስት ፎቅ፣ ከኋላ ሁለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎቅ አትቁጠሩ፣ ለኩ። በሲባጎ ጫፍ ቁልፍ አስራችሁ ከመስኮቱ አውርዱት፤ መሬት ሲነካ ሲባጎውን ደፉ ላይ ቋጥሩና ስባችሁ በሜትር ለኩት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የደፉን ውፍረት ለኩ። ክንዶቹ የሚያቅፉት ግድግዳ ስንት ኢንች መሆን እንዳለበት ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ የሚችለው ክብደትም እንዲሁ። ከታዋቂዎቹ አንዱ 1,000 ፓውንድ፣ 450 ኪሎ ገደማ፣ እንደሚችል ተጽፎበታል። ኤኤስቲኤም ኤፍ 2175 የሚባለው ለቤት ውስጥ የእሳት መሰላል የወጣ የጥራት መለኪያ ነው፤ እሱ ወይም የታወቀ የፍተሻ ድርጅት ማኅተም ያለበትን ምረጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ከመርገጫዎቹ ጀርባ ወደ ግድግዳው ብቅ ያሉትን ብረቶች ተመልከቱ። መሰላሉን ከግድግዳው የሚያርቁት እነሱ ናቸው። ጥቅማቸው እንዲገባችሁ ደብረ ዳሞን አስቡ። ትግራይ ያለው የአቡነ አረጋዊ ገዳም የሚወጣው በገመድ ነው፤ አንዱን ገመድ ሰውየው በእጁ ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ወገቡ ላይ ታስሮ መነኮሳቱ ከላይ ይስቡታል። እግር የሚያርፈው ገደሉ ላይ ባሉ የእግር ማኖሪያዎች ነው። እጅ ብቻውን ሰውነትን ተሸክሞ ብዙ አይቆይም፤ እግር ቦታ ሲያገኝ ነው ሰው የሚረጋጋው። የታውንሀውስ ግድግዳ ልሙጥ ነው፣ ከላይ የሚስብ መነኩሴም የለም። መርገጫው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ የእግር ጣት የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። ማራቂያ ብረት የሌለውን መሰላል ለቤቴ አልገዛም።

ቅዳሜ ጠዋት

መጀመሪያ ያደረግነው በልጆቹ ክፍል መስኮት መሞከር ነው፤ ለመውረድ አይደለም፣ ክንዶቹ ልክ መሆናቸውን ለማየት። የትንኝ መረቡ አልወጣም። ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ቤቱን ከገዛን ጀምሮ ተነክተው ስለማያውቁ ደርቀው ተጣብቀዋል። ባለቤቴ በቢላዋ ጫፍ ስትታገል ሁለቱ ልጆች አልጋ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። መረቡ ሲወጣ መስኮቱ ራሱ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ፤ ልጆቹ እንዳይወድቁ ያስገባነውን መግቻ ረስተነው ነበር። እሱን ስናላቅቅ ክንዶቹ ደፉ ላይ አልተቀመጡም፤ ከውስጥ በኩል አበባ የምናስቀምጥበት ጣውላ ወጣ ብሎ ስለተሠራ ግድግዳው ለዚያ መሰላል ሰፊ ነበር። ክንዶቹ ጫፍ ጫፉን ይዘው ይወዛወዛሉ። እጄን ጫን ሳደርግበት ተንሸራተተ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ሦስት ዓመት ሙሉ መሰላል አለን ብዬ ተኝቻለሁ። ለዚያ መስኮት የሚሆን መሰላል አልነበረንም።

ሰፋ ያለ ክንድ ያለው ሌላ ገዛን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምዱን ጀመርን። ልምምድ ሁልጊዜ ከምድር ቤት መስኮት ነው፤ የእሳት ደኅንነት ባለሙያዎች በዚህ አይደራደሩም፣ እኔም አልደራደርም። ከላይኛው ፎቅ ለልምምድ መውረድ እሳት ያላደረሰውን አደጋ ማምጣት ነው። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ መሰላሉ ለአንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያገለግል ጽፈውበታል፤ መመሪያውን ሳታነቡ አትዘርጉት። የእኛ ሳሎን የኋላ መስኮት ከመሬት ብዙ ስለማይርቅ እዚያ ሰቀልነው።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ዛፍ ላይ እንደ ጦጣ የምትወጣ ናት። መስኮቱ ላይ ስትደርስ ግን ደርቃ ቀረች። ጀርባን ለባዶ አየር ሰጥቶ መውጣት ከዛፍ የተለየ ነገር ነው። «አባዬ፣ እግሬ አያገኘውም» አለች። መርገጫው ከጣቷ በታች አንድ ስንዝር ላይ ነበር።

«ሆድሽን ደፉ ላይ ጣዪው። አዎ፣ እንደዚያ። ሁለት እጅሽ ክንዱን ይያዝ። አሁን አንድ እግር ብቻ፣ ቀስ አድርገሽ ወደ ታች።»

ጣቷ ብረቱን ሲነካ ትከሻዋ ላላ አለ። አሠራሩ ይኸው ነው፦ ደፉ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ወደ ክፍሉ ዞራችሁ በሆዳችሁ ትተኛላችሁ፣ አንድ እግር የመጀመሪያውን መርገጫ እስኪያገኝ ሌላው አይለቅም። ፊት ወደ ግድግዳ፣ ሰውነት ወደ መሰላሉ ጠጋ። ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው መሰላሉን ይዞት ይወዛወዛል። የመጨረሻው መርገጫ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቀር አትደንግጡ፤ እጅ ሳይለቅ እግር ይወርዳል።

በመጀመሪያው ሙከራችን መሰላሉ ተሰቅሎ እስኪዘረጋ አራት ደቂቃ አለፈ። በስድስተኛው አምሳ ሰከንድ ገደማ ደረስን። በመካከሉ የተለወጠው ጉልበታችን አይደለም። መሰላሉን አጥፎ የሚይዘው ቬልክሮ በየት በኩል እንደሚላቀቅ፣ የትኛው ጎን ወደ ውጭ እንደሚሆን እጃችን ለመደ። ጭስ ባለበት ጨለማ ዓይን አይረዳም፤ የሚረዳው እጅ የሚያውቀው ነገር ነው። በመጨረሻ መብራቱን አጥፍተን አደረግነው።

ሌሊት ላይ

ደወሉ ሲጮኽ የመጀመሪያው መንገድ አሁንም ደረጃው ነው። መሰላል ስላለን ብቻ በመስኮት አንወጣም። የእጃችሁን ጀርባ በሩ ላይና እጀታው ላይ አሳርፉ። ቀዝቃዛ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ከፈት አድርጉ፤ ጭስ ከሌለ ጎንበስ ብላችሁ በደረጃው ውጡ። ከጋለ፣ ወይም ኮሪደሩ በጭስ ከተሞላ፣ በሩን ዝጉ። ከዚያ ነው ወደ መስኮቱ የሚኬደው። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ መስኮት የከፈተ ሰው ለእሳቱ የአየር መንገድ ሠራለት፣ ጭሱም ወደሱ ይመጣል።

መሰላሉን ከመልቀቃችሁ በፊት ወደ ታች ተመልከቱ። ከሥር ያለው መስኮት ነበልባል የሚተፋ ከሆነ በዚያ በኩል አይወረድም፤ ሌላ ክፍል፣ ሌላ መስኮት። ለዚህ ነው አንድ መሰላል ለአንድ ቤት አይበቃም የምለው። ሰው የሚተኛበት እያንዳንዱ የላይኛው ክፍል የራሱ ሊኖረው ይገባል። አቅም ለአንድ ብቻ ከሆነ ራሱን ማዳን የማይችለው ሰው በተኛበት ክፍል ይሁን። ወላጅ ወደ ልጁ መሄዱ አይቀርም፤ መሰላሉ እዚያ ይጠብቀው።

ሁለት አዋቂ ካለ አንዱ አስቀድሞ ወርዶ መሰላሉን ከታች ይይዛል፣ ሌላው ልጆቹን አንድ በአንድ እግራቸውን መርገጫው ላይ እያስቀመጠ ይሸኛል፤ ራሱ መጨረሻ ይወጣል። ከልጅ ጋር ብቻዋን ያለች እናት ከልጁ አንድ መርገጫ ዝቅ ብላ፣ ልጁን በክንዶቿ መሐል አድርጋ ብትወርድ ይሻላል፤ ቢንሸራተት ሰውነቷ ይይዘዋል። ሕፃንን ግን በአንድ ክንድ አቅፎ መውረድ አይቻልም፤ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። እናቶቻችን በአንቀልባ ልጅ አዝለው ውኃ የቀዱት፣ እንጨት የለቀሙት ሁለት እጃቸው ነፃ ስለሚሆን ነው። አንቀልባም ይሁን ከሱቅ የተገዛ ማዘያ፣ ከመሰላሉ ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ። ሌሊት ክሎዜት ውስጥ ማዘያ መፈለግ እንዳይመጣ።

ከወረዳችሁ በኋላ ሁሉም የሚገናኝበት አንድ ቦታ ይኑር፤ የእኛ የመንገዱ ማዶ የፖስታ ሣጥን ነው። 911 የሚደወለው ከዚያ ሆኖ ነው። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው «አምሃሪክ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ አብዛኞቹ የ911 ጣቢያዎች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ፓስፖርቴ፣ ወርቄ ብሎ ወደ ውስጥ የሚመለስ የለም።

መስኮቱ ራሱ

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት የግንባታ ደንብ የመኝታ ክፍል መስኮት ሰው የሚያሳልፍ እንዲሆን ያዝዛል፦ ሲከፈት ቢያንስ 20 ኢንች ስፋት፣ 24 ኢንች ቁመት፣ ደፉ ከወለሉ ከ44 ኢንች ያልበለጠ፣ ጠቅላላ ክፍተቱ 5.7 ስኩዌር ጫማ። 20 በ24 ብታባዙ ግን ሦስት ስኩዌር ጫማ ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጠባብ የሆነው መስኮት ረዥም፣ አጭሩ ደግሞ ሰፊ መሆን አለበት።

ይህ ቤዝመንት ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቼን በጣም ይመለከታል። አዲስ የመጣ ዘመድ ወይም ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቤዝመንት ክፍል ነው። የመኝታ ክፍሉ መስኮት ከመሬት በታች ከሆነ ከውጭ በኩል ጉድጓድ ይኖረዋል፤ ጉድጓዱ ከ44 ኢንች በላይ ከጠለቀ ደንቡ የተተከለ መሰላል ወይም ደረጃ እንዲኖረው ያዝዛል። ለመውረድ ሳይሆን ለመውጣት ማለት ነው። ጉድጓዱ በቅጠልና በበረዶ ከተሞላ ወይም ክዳኑ ከውስጥ የማይከፈት ከሆነ ያ ክፍል መውጫ የለውም። ዘመዳችሁን እዚያ የምታስተኙ ከሆነ እናንተም በዚያ መስኮት አንድ ጊዜ ወጥታችሁ እዩት።

አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ጂ+1 እና ጂ+2 ቤት የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሌባን ነውና መስኮቱ ሁሉ በብረት ፍርግርግ ይታጠራል፤ ግድግዳው ውስጥ በተበየደ ፍርግርግ ደግሞ ምንም መሰላል አይወርድም። ሌባን የሚከለክለው ብረት ቤተሰቡንም ይዘጋበታል። መፍትሔው ብረቱን መንቀል አይደለም። ከየመኝታ ክፍሉ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ እንዲከፈት፣ ከውስጥ፣ ያለ ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ በሚሳብ መቀርቀሪያ እንዲያዝ ለብረት ሠሪው ንገሩት። መቀርቀሪያው ከውጭ እጅ እንዳይደርስበት አርቆ መሥራቱን እሱ ያውቅበታል። የብሎኬት ግድግዳ ከነልስኑ ለአሜሪካ የእንጨት ግድግዳ ለተሠራ መሰላል ሊወፍር ይችላል፤ ለቤተሰብ በሻንጣ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ በስልክ ደፉን አስለኩ። እዚያ የእሳት አደጋ ቁጥሩ 939 ነው፤ ስልኩ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ይጻፍ።

የት ይቀመጥ?

ከካርቶኑና ከላስቲኩ ወጥቶ፣ ማሰሪያው ብቻ ቀርቶበት፣ መስኮቱ ሥር። አልጋ ሥርም ይሆናል፤ ግን በላዩ ሌላ ዕቃ አይገፋበት፣ እጅ ዘርግቶ የሚደርስበት ጠርዝ ላይ ይሁን። ጋራዥ፣ ቤዝመንት፣ ኮሪደር ያለው ክሎዜት አይሆኑም። መስኮቱ ፊት ቁም ሣጥን ወይም ኤር ኮንዲሽነር ካለ መጀመሪያ እሱ ይነሣ። ልጆች እንዳይጫወቱበት መንገር እንጂ መደበቅ አያስፈልግም፤ የተደበቀ ዕቃ ሌሊት አይገኝም። የእኛ ልጆች መሰላሉን እንደ ምድጃ ነው የሚያዩት፤ የት እንዳለ ያውቃሉ፣ አይነኩትም።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ሲለወጥ፣ የጭስ ደወሉን ስንሞክር መሰላሉንም እናየዋለን፦ ዝገት፣ የተጣመመ መርገጫ፣ የተበላ ናይለን፣ የማይላቀቅ ቬልክሮ። ያን ጊዜ መረቡንም አንድ ጊዜ አውጥተን እንመልሳለን። ለቀለም ቀቢ ወይም መስኮት ለማጠብ አናውሰውም። በእውነተኛ እሳት ያገለገለ መሰላል ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል። ቤት ስትቀይሩ ደግሞ ክንዶቹ አዲሱ ደፍ ላይ መቀመጣቸውን ዕቃ በምታወርዱበት ቀን ሞክሩ።

እናቴ

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ 74 ዓመቷ ነበር። ጉልበቷ ስለሚያስቸግራት ደረጃውን የምትወጣው እጀታውን ይዛ ነው። መሰላሉን አሳየኋት፤ ብዙ አየችው፣ ከዚያ «ልጄ፣ ይኼ ለእኔ አይደለም» አለችኝ። ልክ ነበረች። መውረድ ለማይችል ሰው መሰላል ከዘረጋችሁ ያ ሰው መስኮቱ ላይ ይቀራል፣ እናንተም እሱን ትታችሁ መውረድ አትችሉም። ሁሉም ይቀራል።

መጀመሪያ ያሰብነው ከታች፣ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ልንሰጣት ነው፤ ለአዛውንት የሚመከረውም እሱ ነው። እሷ ግን ከልጅ ልጆቿ አጠገብ መተኛት ፈለገች። እሺ አልን፤ ታዲያ አንድ ነገር እንድትለምድ ለመንናት፦ በር ዘግቶ መተኛትን። «እማዬ፣ በሩ ከተዘጋ እሳት አደጋ እስኪደርስልሽ ጊዜ ታገኛለሽ» አልኳት። በሙከራ የታየ ነገር ነው፤ እሳት ባለበት ቤት በሩ ክፍት የቆየ ክፍል ወደ 1,000 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ የተዘጋው ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። 100 ዲግሪ የአፋር ቀን ነው፤ ሰው ይኖርበታል። እናቴ ግን ዕድሜ ልኳን ልጅ ቢያለቅስ ልስማ ብላ በር ከፍታ የተኛች ሴት ናት። አንድ ሳምንት ፈጀባት።

የሷን ልምምድ ለብቻ አደረግነው። ከአልጋ ተነሥታ በሩን በእጇ ጀርባ ትነካለች። ጋቢዋን አጥፋ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ትወትፋለች። ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ትከፍታለች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እንዲያዩዋት ነጭ ነገር ታውለበልባለች። ነጭ ፎጣ ሰጥቻት ነበር። እሷ ፎጣውን አስቀመጠችና ከራስጌዋ ነጠላዋን አነሣች፤ «ሌሊት እጄ የሚያውቀው እሱን ነው» አለችኝ።

ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። የፖስታ ሣጥኑ ጋ ቆመን ልጄ በአማርኛ መቁጠር ጀመረች፤ አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት ላይ ስትደርስ መስኮቱ ተከፈተ፣ ነጠላውም ወጣ።